ኮሪያኛን ፈልጎ ማግኘት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከኮሪያ የተላኩ ናቸው። እዚያ የሚማሩና የሚሠሩ አንባቢያን ኮሪያኛ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ነገር ሲፈልጉ፣ መኖሩን እያወቁት ለምን እንደሚያጡት ይጠይቃሉ። ፓንግዮ ውስጥ በፍለጋ ሞተር ሥራ የምተዳደር ሰው ስለሆንኩ ጥያቄው ልቤን ነክቶታል፤ ዘርዘር አድርጌ እመልሳለሁ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬአቸዋለሁ። የኮሪያኛ ቃላትን በፊደላችን ጽፌአለሁ፤ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዴጆን ውስጥ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። አማካሪዬ የኮሪያኛ የጥናት ጽሑፎችን የሚፈልግ አነስተኛ ሲስተም ሥሪ አለኝና ጽሑፉን ክፍት ቦታ ባለበት እየቆረጥኩ ኢንዴክስ (ለፍለጋ የሚሆን የቃላት ማውጫ) አደረግኩት። «ጆንግቦ ጎምሴክ» (መረጃ ፍለጋ) ብዬ ስጠይቀው ግን በዓይኔ የማያቸውን ጽሑፎች እንኳ አያመጣም። ከላብ ጓደኞቼ አንዱ «የሞርፎሎጂ ተንታኝ ተጠቀሚ» ይለኛል፤ ሌላው «ሁለት ሁለት ፊደል እየቆረጥሽ አስገቢ፣ ሌላው ትርፍ ልፋት ነው» ይለኛል። ማንን ልስማ? — ተማሪ፣ ከዴጆን

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱም የሚሉት መሠረት አለው። መጀመሪያ ግን ክፍት ቦታው ለምን እንደከዳሽ እንይ።

በኮሪያኛ በሁለት ክፍት ቦታዎች መካከል የሚቆመው ነገር ኦጆል ይባላል። ኦጆል እና ቃል አንድ አይደሉም። ኦጆል ብዙውን ጊዜ አንድ ስም ጆሳ የሚባሉትን ቅጥያዎች፣ ወይም አንድ ግሥ የመድረሻ ቅጥያዎቹን ከኋላው አስከትሎ የሚጻፍበት ጥቅል ነው። «ጎምሴክ» ብቻውን ፍለጋ ነው። ጽሑፍ ውስጥ ግን «ጎምሴክ-እል» (ፍለጋን)፣ «ጎምሴክ-እይ» (የፍለጋ)፣ «ጎምሴክ-ኤሶ-ንን» (በፍለጋ ላይ ግን) ሆኖ ታገኚዋለሽ። ሰረዙን ያስገባሁት ለአንቺ እንዲታይሽ ነው፤ እነሱ ገጥመው ነው የሚጽፉት። ለኮምፒውተሩ እነዚህ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። እኛ «ፍለጋን»፣ «ከፍለጋው»፣ «ለፍለጋውም» ስንል ችግሩ ያው ነው፤ ኮሪያኛ ግን ጆሳዎቹን ሁልጊዜ ከኋላ ይደረድራል።

ሁለተኛው ጣጣ ጥምር ስም ነው። የኮሪያኛ የአጻጻፍ ደንብ በ50ኛው አንቀጹ የሙያ ቃላት በየቃሉ ተለያይተው እንዲጻፉ ያዝና ገጥሞ መጻፍንም ይፈቅዳል። ስለዚህ «ጆንግቦ ጎምሴክ» ብሎ ለይቶ የጻፈውም፣ «ጆንግቦጎምሴክ» ብሎ የገጠመውም አልተሳሳተም። ያንቺ ኢንዴክስ የመጀመሪያውን እንደ ሁለት፣ ሁለተኛውን እንደ አንድ ቃል ይዞታል። የጠፉብሽ ጽሑፎች አብዛኞቹ እዚህ ውስጥ ናቸው ብዬ አስባለሁ።

ክፍት ቦታው ሲዘለል ደግሞ ትርጉሙ ራሱ ሊገለበጥ ይችላል። ኮሪያውያን ከልጅነታቸው የሚያውቁት ምሳሌ አለ፦ «አቦጂጋ ባንግኤ» ብለሽ ከቆረጥሽው አባት ወደ ክፍሉ ይገባል፤ «አቦጂ ጋባንግኤ» ካልሽ ወደ ቦርሳው ይገባል። ፊደሎቹ አንድ ናቸው። ሰው በሚቸኩልበት ቦታ፣ በተለይ ስልክ ላይ ሲጽፍ፣ ክፍት ቦታ ስለሚቀር ይህ የቀልድ ምሳሌ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

አሁን ወደ ጓደኞችሽ። ተንታኙ የሚሠራው ኦጆሉን ወደ ምዕላዶች፣ ትርጉም ወዳላቸው ትንንሽ የቃል ክፍሎች፣ መበተን ነው፤ ስሙን ከጆሳው ይለያል፣ ግሡን ወደ ግንዱ ይመልሳል። ለዚህ ብዙ ተለፍቷል። ከ1998 እስከ 2007 በመንግሥት ድጋፍ የተካሄደው የ21ኛው ክፍለ ዘመን የሴጆንግ ፕሮጀክት በየምዕላዱ ምልክት የተደረገበት ኮርፐስ (ትልቅ የጽሑፍ ስብስብ) አዘጋጅቶ አስረከበ፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ተንታኞች አብዛኞቹ የእሱን የምልክት አሰጣጥ መሠረት አድርገው ነው የተሠሩት። አንቺ ባለሽበት ዴጆን ካይስት የሠራው ሃናኑም፣ የሴኡል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲው ኮኮማ፣ ከጃፓንኛው ሜካብ ተወስዶ ለኮሪያኛ የተስተካከለው ሜካብ-ኮ ሁሉም በአንድ ጥቅል ይገኛሉ። ጥቅሉ ኮኤንኤልፓይ ይባላል፤ በ2014 የወጣ፣ ፓይተን ለሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተዘጋጀ ላይብረሪ ነው። አንድ ከሰዓት ስጪውና የራስሽን ጽሑፍ በሁሉም አሳልፊው። ልዩነታቸውን በዓይንሽ ማየት ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል።

ተንታኙ የሚወድቅባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንዱ አሻሚነት ነው። «ናንን» የምትለው አጭር ኦጆል «እኔ» ከነጆሳው ልትሆን ትችላለች፤ «የሚበር» ልትሆን ትችላለች፤ «የሚበቅል» ወይም «የሚወጣ» ልትሆንም ትችላለች። ሁለተኛው በመዝገበ ቃላቱ ውስጥ የሌለ ቃል ነው፦ አዲስ የድርጅት ስም፣ አዲስ የመድኃኒት ስም፣ ትናንት የተፈጠረ የሙያ ቃል። ጥናታዊ ጽሑፍ ደግሞ በአዲስ ቃል የተሞላ ነው።

ሁለተኛው ጓደኛሽ የሚለው በ1996 ዙሪክ ላይ በተካሄደው ሲጊር በተባለው የመረጃ ፍለጋ ጉባኤ ቀርቧል። ሊ ጁን ሆ እና አን ጆንግ ሱ የኮሪያኛን ጽሑፍ በተከታታይ ክፍለ ቃላት እየቆራረጡ ኢንዴክስ አድርገው ከተንታኝ ጋር አወዳደሩት። መዝገበ ቃላት የማይጠይቀው መንገድ ፈጣን ከመሆኑም በላይ በውጤትም ከተንታኙ እንደማያንስ፣ እንዲያውም እንደሚሻል አሳዩ። የዚያን ጊዜ ተመራማሪዎች ለመዝገበ ቃላት የሚያወጡት ጉልበት ምን ያህል እንደነበር ስታስቢው ግኝቱ ትልቅ ነው። ዛሬም ሉሲን የሚባለው የፍለጋ ፕሮግራም የእስያ ቋንቋዎች መደበኛ ተንታኝ በዚሁ በጥንድ አቆራረጥ ነው የሚሠራው።

ጉድለቱን ግን በአንድ ምሳሌ ላሳይሽ፤ ይህም ኮሪያውያን የሚወዱት ነው። «ዴ-ሃክ-ሴንግ-ሶን-ግዮ-ሆኤ» የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የወንጌል ተልእኮ ማኅበር ማለት ነው። ስድስት ክፍለ ቃላት ስላሉት አምስት ጥንዶች ይወጡታል፦ «ዴሃክ» ዩኒቨርሲቲ፣ «ሃክሴንግ» ተማሪ፣ «ሴንግሶን» ዓሣ፣ «ሶንግዮ» የወንጌል ተልእኮ፣ «ግዮሆኤ» ቤተ ክርስቲያን። ማኅበሩ ውስጥ ዓሣ የለም፤ ኢንዴክሱ ግን አለ ይላል። ዓሣ የሚፈልግ ሰው የተማሪዎቹን ማኅበር ያገኛል። የጥያቄው ቃል ረዘም ሲል ጥንዶቹ እርስ በርስ ስለሚደጋገፉ ስህተቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ቃሉ አጭር ሲሆን ግን ላይ ይቀራል። ከሁሉም የሚከፋው አንድ ክፍለ ቃል ብቻ የሆነው ስም ነው። «ቤ» በኮሪያኛ የፍሬ ዓይነት ነው፣ መርከብ ነው፣ ሆድም ነው። ብቻውን ሲጠየቅ ጥንድ የለውምና በንጹሕ የጥንድ ኢንዴክስ ውስጥ የሚያገናኘው ነገር የለም።

ስለዚህ የኔ ምክር ሁለቱንም በሁለት የተለያዩ የኢንዴክሱ መስኮች እንድትይዢ ነው። ሉሲንን ወይም በእሱ ላይ የተሠራውን ኢላስቲክሰርች የምትጠቀሚ ከሆነ ኖሪ የሚባለው የኮሪያኛ ተንታኝ ከ2018 ጀምሮ እንደ ተጨማሪ ክፍል ይገኛል፤ የሜካብ-ኮን መዝገበ ቃላት ነው የሚጠቀመው። ጥምር ስምን በሦስት መንገድ ይይዛል። «ጋጎዶሃንግ» የጋጎዶ ደሴት ወደብ ነው፤ በመጀመሪያው መንገድ እንዳለ ይቀራል፣ በሁለተኛው «ጋጎዶ» እና «ሃንግ» ሆኖ ጥምሩ ይጣላል፣ በሦስተኛው ሦስቱም ይገባሉ። ምንም ካልነካሽው ሁለተኛውን ነው የሚወስደው። ለጥናት ጽሑፍ ሦስተኛውን ሞክሪ። የሙያሽን ቃላት በተጠቃሚ መዝገበ ቃላቱ ውስጥ አስገቢ፤ አሰልቺ ቢሆንም የሚከፍል ሥራ ነው። ጎን ለጎን የጥንድ መስክ ይኑርሽና ተንታኙ ያላወቀውን ቃል እሱ ይያዝልሽ። ጽሑፉን የቆረጥሽበት መንገድና ጥያቄውን የምትቆርጪበት መንገድ አንድ መሆናቸውን ደግመሽ አረጋግጪ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምለምንሽ ግን ሌላ ነገር ነው፦ መለኪያ ሥሪ። ጥያቄዎችን ሰብስቢ፣ በየመንገዱ ከላይ የወጡትን ውጤቶች ቀላቅይ፣ የትኛው መንገድ እንዳመጣቸው ደብቂ፣ ከዚያ ቋንቋውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው «ይህ ይመልሳል፣ ይህ አይመልስም» ብሎ ይፍረድ። ኤንቲሲአይአር የሚባለው በጃፓን የሚዘጋጀው የምርምር መድረክ በ2002 በተጠናቀቀው ሦስተኛ ዙሩ ኮሪያኛን ሲጨምር ያደረገው ይህንን ነው፤ ስብስቡ የአንድ የኮሪያ የኢኮኖሚ ጋዜጣ የ1994 ዓመት ጽሑፎች፣ 66,146 ነበሩ።

ፍርዱ ቀላል እንዳይመስልሽ። በሥራ ቦታዬ «ሳግዋ» የሚል ጥያቄ ለሁለት ፈራጆች ሰጥተን ነበር። ቃሉ አፕልም ይቅርታ መጠየቅም ነው። አንዷ ስለ አፕል እርሻ የሚያወራውን ገጽ ሁሉ ተቀበለች፤ ሌላዋ፣ የቀድሞ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፣ በዚያ ሰሞን አንድ የፖለቲካ ሰው በአደባባይ ይቅርታ ጠይቆ ስለነበር ፈላጊው ያንን ነው የሚፈልገው ብላ የአፕሉን በሙሉ ጣለች። ሁለቱም ያመኑበትን ነው ያደረጉት። ከዚያ በኋላ ከእያንዳንዱ ጥያቄ ሥር ፈላጊው ማን እንደሆነና ምን እንደቸገረው የሚናገር አጭር አንቀጽ መጻፍ ጀመርን። አንቺም ጻፊ። ጓደኞችሽ የሚከራከሩበትን ጉዳይ የሚፈታው የእነዚህ ፍርዶች ሰንጠረዥ ነው፤ ያንቺ ጽሑፎች ላይ ማን እንደሚያሸንፍ ከኔም ከእነሱም በላይ እሱ ያውቃል።

ጊዜ ሲኖርሽ «የሃንጉልና የኮሪያኛ መረጃ ማቀነባበር» የተባለውን ዓመታዊ ጉባኤ ጽሑፎች አገላብጪ። ከ1989 ጀምሮ በየዓመቱ በሃንጉል (የኮሪያ ፊደል) ቀን፣ በኦክቶበር 9 ሰሞን ይካሄዳል። ዓለም አቀፍ መጽሔት ላይ የማይወጡ ጥቃቅን የሥራ ዘዴዎች እዚያ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሴኡል ውስጥ በአንድ ቢሮ ሰነድ አደራጃለሁ። ፋይሉ ፊቴ ተቀምጧል፣ ስሙም በሃንጉል በግልጽ ይነበባል፤ ያንኑ ስም ስጽፍ ግን ፍለጋው «የለም» ይለኛል። አንዳንዴ ደግሞ ስሙ ፊደል በፊደል ተበታትኖ ይታየኛል። ኮምፒውተሬ ታሞ ይሆን? — ሰነድ አደራጅ፣ ከሴኡል

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኮምፒውተርህ ደኅና ነው። ፋይሉ የመጣው ማክ ከሚጠቀም ባልደረባ ይመስለኛል፤ ጠይቀው።

ሃንጉል በንጉሥ ሴጆንግ ዘመን በ1443 ተፈጥሮ በ1446 የታወጀ ፊደል ነው። ተነባቢና አናባቢ ለየብቻ ፊደል አላቸው፤ ሲጻፉ ግን በአንድ ካሬ ውስጥ ተሰብስበው አንድ ክፍለ ቃል ይሆናሉ። ኮምፒውተር ላይ ይህን ለማስቀመጥ ሁለት መንገድ አለ፤ ካሬውን በሙሉ በአንድ ቁጥር ማስቀመጥ፣ ወይም ፊደሎቹን አንድ በአንድ። ዩኒኮድ የሚባለው የፊደላት ቁጥር መለኪያ ሁለቱንም ይቀበላል። ሙሉ ካሬዎቹ 11,172 ናቸው፦ 19 የመነሻ ተነባቢ፣ 21 አናባቢ፣ 28 የመድረሻ አማራጭ (አንዱ «ምንም» ነው) ሲባዙ። ቁጥራቸውም በቀመር ይገኛል፤ ይህ ውበቱ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። «ሃን» የሚለውን ክፍለ ቃል እንውሰድ። ከ0 ሲቆጠር መነሻው በዝርዝሩ 18ኛ፣ አናባቢው 0ኛ፣ መድረሻው 4ኛ ነው። 18 በ21 ሲባዛ 378፤ አናባቢው 0 ስለሆነ አይለወጥም፤ በ28 ሲባዛ 10,584፤ 4 ሲደመር 10,588። የካሬዎቹ መነሻ ቁጥር 44,032 ነው፤ ሲደመር 54,620 ይሆናል። «ሃን» በዩኒኮድ ይህ ነው።

የማክ ፕሮግራሞች ግን የፋይል ስምን ብዙ ጊዜ በተበተነው መልክ ነው የሚያስቀምጡት። «ሃንጉል» የሚለው የፊደሉ ስም አንተ ስትጽፈው ሁለት ቁጥር ነው፤ በባልደረባህ ፋይል ላይ ስድስት ነው። ለዓይን አንድ ናቸው፤ ለፍለጋው ግን ምንም አይገናኙም። መድኃኒቱ ኤንኤፍሲ የሚባለው የዩኒኮድ ማስተካከያ ነው፤ የተበተነውን ሰብስቦ ካሬ ያደርገዋል። ፓይተን ውስጥ ከቋንቋው ጋር የሚመጣ ሞጁል በአንድ መስመር ይሠራልሃል። ስሞቹን በሙሉ አንድ ጊዜ አሳልፋቸው፤ ከዚያ በኋላ የሚገባውን እያንዳንዱን ፋይል ደግሞ በሩ ላይ አስተካክለው።

ይህ የኮድ ነገር ከዚህም የባሰ ዘመን ነበረው። በ1987 የወጣው የኮሪያ ብሔራዊ የኮድ መለኪያ 2,350 ካሬዎችን ብቻ ነበር የያዘው። የቀሩት 8,822 በዚያ ኮድ ሊጻፉ አይችሉም ነበር፤ ሊጻፍ የማይችል ደግሞ ሊፈለግም አይችልም። ዊንዶውስ 95 በራሱ ማስፋፊያ ጨመራቸው፤ በ1996 የወጣው የዩኒኮድ 2.0 ሁሉንም በሥርዓት ደረደራቸው። ከዚያ ዘመን የቀረ የውሂብ ቋት ቢገጥምህ የቆዩት መዝጋቢዎች የጎደለውን ካሬ በምን እንደተኩት ተመልከት፤ በሚመስል ሌላ ካሬ የተኩ አሉ።

ጥያቄ፦ እነዚህ ሁሉ ተንታኞች አሁን ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች ከመጡ በኋላ ምን ይሠራሉ? ጽሑፉን ወደ ቬክተር፣ ትርጉሙን ወደሚወክል የቁጥሮች ረድፍ፣ ለውጦ ቅርብ የሆነውን ማምጣት አይበቃም? — ፕሮግራመር፣ ከፓንግዮ

መልስ፦ ጎረቤቴ ኖረሃል! ጥያቄህን በየሳምንቱ ቢሮ ውስጥ እሰማዋለሁ። አይበቃም ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቴን ልንገርህ።

ሞዴሉም ቢሆን ጽሑፉን ቆርጦ ነው የሚበላው። ኮሪያኛን ያለ ተንታኝ፣ በድግግሞሽ ብቻ (አብረው በብዛት የሚመጡትን ፊደላት እያጣመርክ) ስትቆርጠው፣ ቁርጡ አንዳንዴ በስሙና በጆሳው መካከል መሆኑ ይቀርና በስሙ ወገብ ላይ ይወድቃል። በ2020 የታተመ አንድ ጥናት የተለያዩ አቆራረጦችን በበርካታ የኮሪያኛ ሥራዎች ላይ አወዳድሮ ነበር። በአብዛኞቹ ያሸነፈው መጀመሪያ በምዕላድ ከፍሎ ከዚያ በድግግሞሽ የሚቆርጠው ድብልቅ መንገድ ነው። ኮርኳድ በሚባለው፣ ከተሰጠ አንቀጽ ውስጥ መልስ በማውጣቱ ሥራ ላይ ግን ያለ ተንታኝ የሚቆርጠው በለጠ። በሚቀጥለው ዓመት ክሉ የተባለው የስምንት ሥራዎች መለኪያ ሲወጣ ሠሪዎቹ ለሞዴላቸው የመረጡት በምዕላድ የሚጀምረውን ድብልቅ ነው። ተንታኙ ከፊት ለፊት ጠፍቶ ከሥር እየሠራ ነው ማለት ነው።

ወደ ፍለጋው ስንመጣ፣ በ2021 የወጣው ሚስተር ታይዲ ኮሪያኛን ጨምሮ በ11 ቋንቋዎች ፍለጋን ይለካል። በእንግሊዝኛ ብቻ የሠለጠነ ባለብዙ ቋንቋ የቬክተር ሞዴል ከአሮጌው የቃል ቆጠራ ቀመር፣ ከቢኤም25፣ በአጠቃላይ አነሰ፤ ሁለቱ ሲደመሩ ግን የተሻለ ውጤት መጣ። ከዚያ ወዲህ ሞዴሎቹ ብዙ ተሻሽለዋል። የመደመሩ ትምህርት ግን አላረጀም።

በቅርብ ላሳይህ። አንድ የሕግ ባለሙያ «ሚንቦፕ 750» ብሎ ይጠይቃል። የኮሪያ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 750 በሌላ ሰው ላይ በሕገ ወጥ ድርጊት ስለሚደርስ ጉዳት የሚናገር ነው። አንቀጽ 751 የገንዘብ ያልሆነ ጉዳትን ይመለከታል። በትርጉም ጎረቤቶች ስለሆኑ ለቬክተሩ እጅግ ቅርብ ናቸው፤ ለጠበቃው ግን 751 ስህተት ነው። ከሦስት ክፍለ ቃል በተሠራ፣ አንዷ ብቻ በተለወጠች የሰው ስምም እንዲሁ ነው። ቃል በቃል የሚያዛምደው ኢንዴክስ እዚህ አይናወጥም። በሌላ በኩል ፈላጊው «መኪና ገጨኝ፣ ካሣ እንዴት ላግኝ» ብሎ በአፍ አነጋገር ሲጽፍ የሕጉ ቋንቋ ውስጥ ከነዚህ ቃላት አንዱም ላይኖር ይችላል፤ ያኔ ቬክተሩ ያድናል።

ለማዋሃድ የተወሳሰበ ነገር አትፈልግ። ከሁለቱም ዝርዝር ለእያንዳንዱ ሰነድ አንድን ለ60 ሲደመር ደረጃው አካፍልና ደምር። ነጥቦቻቸውን ማመጣጠን አይጠይቅህም፤ ደረጃ ብቻ ይበቃል። ለመለካት ደግሞ ኮርኳድን አትጠቀም፤ አንቀጹን አስቀድሞ ስለሚሰጥህ ፍለጋህን አይፈትነውም። ሚራክል የሚባለው ስብስብ የኮሪያኛ ክፍል አለው፤ ፍርዱንም የሰጡት አፍ መፍቻቸው የሆኑ ሰዎች ናቸው። ተጨማሪ ጽሑፍ ብትፈልግ የብሔራዊው የኮሪያኛ ቋንቋ ተቋም «የሁሉም ኮርፐስ» ብሎ የሚያቀርበው አለ፤ ማመልከቻ ሞልተህ በስምምነቱ መሠረት ነው የሚሰጥህ፤ ውሉን ሳታነብ ለንግድ ሥራ እንዳታውለው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ልጄ ጋ ኢንቾን ነው የምኖረው። ሃንጉል ማንበብ ተምሬአለሁ፤ የድሮ ጋዜጦች ውስጥ ግን የማውቀውን ቃል ጽፌ ብዙ ጊዜ ባዶ እመለሳለሁ። — አንባቢ፣ ከኢንቾን

መልስ፦ አባቴ፣ እርስዎ የሚፈልጉት ቃል በዚያ ዘመን በሃንጉል ሳይሆን በሃንጃ፣ በቻይና ፊደል ሳይጻፍ አልቀረም። ኔቨር የሚባለው የኮሪያ የፍለጋ ድረ ገጽ የጋዜጣ ቤተ መዛግብት ከ1920 እስከ 1999 ያሉ ጋዜጦችን ይዟል፤ የቆዩት ገጾች ከላይ ወደ ታች የተጻፉ፣ ሃንጃ የተቀላቀለባቸው ናቸው። ከመጀመሪያው ጀምሮ በሃንጉል ብቻ፣ አግድም በመጻፍ ብቅ ያለው ዕለታዊ ጋዜጣ በ1988 የተመሠረተው ሃንክዮሬ ነው። ስለዚህ የሚፈልጉትን ቃል የሃንጃ መልክ ከመዝገበ ቃላት ገልብጠው በእሱም ይሞክሩ።

ሲስተሙን ለሚሠሩት ደግሞ፦ ኖሪ ሃንጃን ወደ ሃንጉል ንባቡ የሚለውጥ ማጣሪያ አለው። አንድ ሃንጃ ግን ከአንድ በላይ ንባብ ሊኖረው ይችላል። ሙዚቃና ደስታ የሚል ትርጉም ያለው አንድ ፊደል እንደየቦታው «አክ»፣ «ናክ»፣ «ራክ» ወይም «ዮ» ተብሎ ይነበባል፤ የቀድሞው የኮሪያ ኮድም በዚሁ ምክንያት አራት ጊዜ አስፍሮታል። እንዲህ የተደጋገሙት 268 ናቸው። ለሴኡሉ አንባቢ የነገርኩት ኤንኤፍሲ እነዚህን ወደ አንድ ያጠቃልላቸዋል፤ ለፍለጋ ጥሩ ነው፣ ንባቡ ግን አብሮ ይጠፋል። ንባቡን የምትፈልጉት ከሆነ ከማጠቃለላችሁ በፊት በሌላ መስክ አስቀምጡት።

አባቴ፣ የውጭ ቃል ሲሆንም አጻጻፉን እየለዋወጡ ይሞክሩ። የውጭ ቃላት አጻጻፍ ደንብ የወጣው በ1986 ነው፤ ከዚያም በኋላ «ዴይቶ» የሚለው ዳታ በብዙዎች እጅ «ዴይታ» ሆኖ ቀርቷል።

ጥያቄ፦ የመንግሥት ማስታወቂያዎችን የሚሰበስብ ሲስተም አለን። የአባሪ ሰነዶቹ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያለው ይገኛል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ግን አይገኝም። — የንግድ ድርጅት ሠራተኛ፣ ከቡሳን

መልስ፦ አባሪዎቹ ኤችደብሊውፒ ናቸው አይደል? ይህ በ1989 ብቅ ያለው የሃንጉል ጽሑፍ ማቀናበሪያ የፋይል ዓይነት ነው፤ የኮሪያ መሥሪያ ቤቶች ለብዙ ዘመን የሚጽፉት በእሱ ነው። በፋይሉ ውስጥ በርካታ ክፍሎች አሉ። አንዱ ለቅድመ እይታ የተዘጋጀ፣ ያልተጨመቀ አጭር ጽሑፍ ነው፤ የሰነዱን መጀመሪያ ብቻ ነው የሚይዘው። ሙሉው አካል በሌላ ክፍል ውስጥ ተጨምቆ ተቀምጧል። የእናንተ ማውጫ ፕሮግራም በቀላሉ የሚነበበውን ቅድመ እይታ ወስዶ የሚያቆም ይመስለኛል፤ የነገርከኝ ምልክት ከዚህ ጋር ይገጥማል። ለማረጋገጥ ረጅም ሰነድ ምረጥና ከመሐሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ወስደህ የወጣው ጽሑፍ ውስጥ ፈልገው።

የፋይሉ አሠራር ዝርዝር በ2010 በይፋ ስለወጣ አካሉን አፍታቶ የሚያነብ ፕሮግራም መጻፍ ይቻላል፤ ተዘጋጅተው የሚገኙም አሉ። በሠንጠረዥ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ማንበቡን ለይተህ ፈትን፤ የማስታወቂያው ቀነ ገደብና የገንዘብ መጠን የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ ሠንጠረዥ ውስጥ ነው። አዲሱ ኤችደብሊውፒኤክስ የታሸገ ኤክስኤምኤል (በምልክት የተደራጀ ጽሑፍ) ስለሆነ ይቀላል። ሁለቱ ዓይነት ለአንድ ማስታወቂያ ተያይዘው ከመጡ አዲሱን ኢንዴክስ አድርግ።